ሦስቱ ሳጥኖች ውስጥ ማን ነው የተቀመጠው?

ይድረስ፦ የዜግነት ትምህርት ለምታስተምሩ፣ የመማሪያ መጽሐፉን ለምታዘጋጁ፣ የፈተና ጥያቄም ለምታወጡ ሁሉ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

እኔም ከእናንተው አንዱ ነበርኩ። ለብዙ ዓመታት ሥነ ዜጋ አስተምሬያለሁ። አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ሰሞን ያየሁት የልጄ ደብተር ነው።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ማታ እራት በልተን ለፈተና ስታጠና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ገጹ ላይ በማስመሪያ የተሠሩ ሦስት ሳጥኖች አሉ። ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ። ከሥራቸው አንድ የምርጫ ጥያቄ፦ የሥልጣን ክፍፍልን ሐሳብ ያስፋፋው ፈላስፋ ማን ነው? ሀ. ሆብስ፣ ለ. ሎክ፣ ሐ. ሞንቴስኪዩ፣ መ. ሩሶ። «ሐ» ተከቧል። ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ ራይት ተደርጎበታል።

«ጎበዝ» ልላት ስል ቀና አለችና፣ «አባዬ፣ ሦስቱም ሳጥን ውስጥ ያሉት ሰዎች ዘመዳሞች ቢሆኑስ?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ያንን ሥዕል እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ሥዬዋለሁ። «ሐ»ን ለከበበ ስንቱ ልጅ ማርክ ሰጥቻለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ክፍል ውስጥ አንስቼ አላውቅም። በጣም ያንገበገበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ሞንቴስኪዩ ራሱ የልጄን ጥያቄ ጠይቆታል። መልሶታልም። ያውም እኛ ሦስቱን ሳጥኖች በቀዳንበት በዚያው ምዕራፍ ውስጥ። መልሱን ግን ለልጆቹ ነግረናቸው አናውቅም።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ሳጥኖቹን ስታስተምሩ፣ ማን እንደሚቀመጥባቸውም አብራችሁ አስተምሩ። ለምን እንደምለምናችሁ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። (የአውሮፓን ጉዳይ ሳነሣ ዓመቱ በእነሱ አቆጣጠር ነው። የእኛን ሳነሣ ዓ.ም. እላለሁ።)

መጀመሪያ ሰውየው ሰው ይሁን። በመጽሐፎቻችን ውስጥ ሞንቴስኪዩ ስም ብቻ ነው። የት እንደኖረ፣ ምን ሠርቶ እንደሚበላ፣ ምን ቆጭቶት እንደጻፈ የሚናገር መስመር የለም። ሙሉ ስሙ ሻርል ሉዊ ደ ሰኮንዳ ነው። በ1689 ተወለደ፤ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ከቦርዶ ከተማ ወጣ ብሎ ላ ብሬድ በሚባል፣ ዙሪያውን ውሃ በከበበው የድንጋይ ግንብ ውስጥ። የመኳንንት ልጅ ነው። ክርስትና ያነሣው ግን ለማኝ ነበር። ድኾች ወንድሞቹ መሆናቸውን ዕድሜውን ሙሉ እንዳይረሳ ተብሎ ነው። ይህን አንድ ነገር ለልጆች ብትነግሯቸው ስሙን አይረሱትም። እኔ ሳስተምር አላውቀውም ነበር፤ ባውቀው ኖሮ የመጀመሪያዋን ክፍለ ጊዜ በዚህ እጀምር ነበር።

በ1716 አጎቱ ሲሞት ሁለት ነገር ወረሰ። አንዱ ሞንቴስኪዩ የሚለው የባሮንነት ማዕረግ ነው። ሌላው የዳኝነት ወንበር ነው። አዎ፣ ወንበር ወረሰ። ያኔ ፈረንሳይ ውስጥ የዳኝነት ሹመት እንደ ቤት የሚገዛ፣ የሚሸጥ፣ የሚወረስ ንብረት ነበር። በ27 ዓመቱ የቦርዶ ፓርላማ በሚባለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከፕሬዚዳንቶቹ አንዱ ሆነ። ፓርላማ ሲባል የዛሬው ምክር ቤት እንዳይመስላችሁ፤ ችሎት ነው። አሥር ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ በ1726 ወንበሩን ሸጠው።

የወንበር ሽያጩን በኋላ በመጽሐፉ ደግፎ ጽፏል። እዚህ ላይ አልስማማም። ፍርድ በገንዘብ የተያዘ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ድኻው ምን ይሆናል? ምክንያቱን ሳነብ ግን ሰውየው ምን እንደሚፈራ ገባኝ። በንጉሥ አገር ንጉሡ ከሚመርጠው ሰው አጋጣሚ የሚያመጣው ይሻላል ባይ ነው። ወንበሩን በገንዘቡ የገዛ ዳኛ ቢያንስ «ማን ሾመህ?» አይባልም።

የሚፈራበት ምክንያት ነበረው። በእሱ ዘመን የፈረንሳይ ንጉሥ ማኅተም ያለባት አንዲት ደብዳቤ ከላከ ሰው ያለ ክስና ያለ ችሎት ይታሰራል። መቼ እንደሚፈታ ደብዳቤዋ አትናገርም። ዋናው መጽሐፉ፣ «የሕጎች መንፈስ»፣ በ1748 ጄኔቭ ላይ ሲታተም የደራሲው ስም አልተጻፈበትም። በዓመቱ፣ በ1749፣ ዲደሮ የሚባለው ጸሐፊ በጻፈው ነገር ተይዞ ቬንሳን በሚባለው ግንብ ከሦስት ወር በላይ ታሰረ። ያለ ችሎት። የሞንቴስኪዩንም መጽሐፍ የሮም ቤተ ክርስቲያን በ1751 ከተከለከሉት መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ አስገባችው። 20 ዓመት የደከመበት መጽሐፍ ነው። ሲጨርሰው ዓይኑ እየደከመ ስለነበር ብዙውን ለጸሐፊዎቹ እየተናገረ ነው ያስጻፈው።

እንግዲህ ያ መጽሐፍ ምን ይላል? አሥራ አንደኛው ክፍል፣ አራተኛው ምዕራፍ ላይ እንዲህ የሚል ነገር አለ፦ ሥልጣን ያለው ሰው ሁሉ ሥልጣኑን አላግባብ ወደመጠቀም ያዘነብላል፤ ወሰን እስኪያገኝ ድረስ ይሄዳል። የዘመናት ልምድ ያስተማረን ነው ይላል። ልጆቻችን ይህን ለመረዳት ፈረንሳይ መሄድ አያስፈልጋቸውም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ከአያቶቻቸው ሰምተውታል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውንም ሰምተውታል። የእኛ ተረት ያንኑ ልምድ ይመዘግባል፤ ሞንቴስኪዩ ደግሞ «ታዲያ ምን እናድርግ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ አጭር ናት። ነገሩ ሥልጣን ሥልጣንን እንዲያቆም ሆኖ ይደራጅ።

ከዚያች ዓረፍተ ነገር ቀደም ብሎ ያለችው ደግሞ እኔን ሁሌም ታስደነግጠኛለች። «ማን ያምናል! ምግባር ራሱ ወሰን ያስፈልገዋል።» ክፉ ሰው ብቻ ሳይሆን ደጉም አጥር ይፈልጋል ማለቱ ነው። እኛ ለልጆቻችን ብዙውን ጊዜ የምናስተምረው ደግ መሪ ስለ መመኘት ነው። ሥነ ዜጋ ላይ «ሥነ ምግባር» ብለን ስንጨምር፣ ሰዎቹ ከተስተካከሉ ሁሉም ይስተካከላል የሚል ነገር ሳናውቀው አስገብተናል። ሞንቴስኪዩ እዚህ ላይ ቆም በሉ ይላል። ደጉን ሰውዬ ውደዱት፤ ግን ቁልፉን ሁሉ አትስጡት።

ስድስተኛው ምዕራፍ ስለ እንግሊዝ ነው። ከ1729 መጨረሻ እስከ 1731 እዚያ ኖሯል፤ የምክር ቤቱንም ክርክር ገብቶ አዳምጧል። ነፃነት ምን እንደሆነ የሚናገረው እዚህ ነው። ነፃነት ሰው ደህንነቱ እንደተጠበቀ ከማመኑ የሚመጣ የአእምሮ ሰላም ነው፤ መንግሥትም አንዱ ዜጋ ሌላውን ዜጋ እንዳይፈራ ሆኖ መሠራት አለበት ይላል። ቃሉን አስተውሉት። የአእምሮ ሰላም። ሌሊት በር ሲንኳኳ ባልና ሚስት በጨለማ ይተያያሉ። «ማን ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ውስጥ ጎረቤትና ሌባ ብቻ ካለ፣ ያ አገር ነፃ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ለልጆች ሊያስረዳ አይቸገርም። በእኛ አገር በየትኛውም ሥርዓት የኖረ ሰው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ልጄ ጥያቄ ልመለስ።

ሞንቴስኪዩ በ1728 ጣልያን ውስጥ ወዳለችው ቬኒስ ሄዷል። ያኔ ራሷን የቻለች ሪፐብሊክ ነበረች፤ ንጉሥ የላትም። ሦስቱም ሳጥኖች ደግሞ አሏት። ሕግ የሚያወጣው ታላቁ ሸንጎ ነው። የሚያስፈጽም ሌላ ጉባኤ አለ። የሚዳኝም «አርባዎቹ» የሚባል ችሎት አለ። ወረቀት ላይ ብትሥሉት የልጄን ደብተር ይመስላል። ግን በሦስቱም ውስጥ የሚቀመጡት ከአንድ ወገን የመጡ ናቸው። ስማቸው በወርቅ መዝገብ የተጻፈ የመኳንንት ቤተሰቦች ነበሩ። ከመዝገቡ ውጭ ያለ ሰው አይገባም። ሞንቴስኪዩ ይህን ሲጽፍ እንዲህ ይላል፦ ክፉው ነገር እነዚህ የተለያዩ ሸንጎዎች ከአንድ አካል በወጡ ሹሞች መሠራታቸው ነው፤ ይህ ደግሞ አንድ ሥልጣን ነው ለማለት ይቀርባል።

ይኸው ነው መልሱ። ዘመዳሞች ከሆኑ፣ ሦስት ሳጥን አንድ ሳጥን ነው።

እዚያው ቬኒስ ውስጥ መንግሥትን ከክፉ እንጠብቃለን የሚሉ መርማሪዎች ነበሩ። ለእነሱ የተዘጋጀ ሣጥን አለ። ማንም ጠቋሚ፣ በፈለገው ሰዓት፣ ክሱን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይጥልበታል። ወረቀቱ ከሚጣልባቸው ቀዳዳዎች አንዳንዶቹ ዛሬም በመስፍኑ (በሪፐብሊኩ መሪ) ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ ይታያሉ። አፉን የከፈተ የድንጋይ ፊት ነው። ወረቀቷ በአፉ ትገባለች። ሥዕሉን አንድ ጊዜ አይቼው ከአእምሮዬ አልጠፋም። ግድግዳው የሰውን ስም ይውጣል። ከኋላው ማን እንዳነበበው አታውቅም። ልጆች ይህን ሲሰሙ የሥልጣን ክፍፍል ለምን እንዳስፈለገ አይጠይቋችሁም፤ ዓይናቸው ይነግራችኋል።

ለመሆኑ ለእኛ ልጆች ቬኒስ አትርቅም ወይ? ትርቃለች። ስለዚህ በእድር ጀምሩ። አንድ ጊዜ፣ ማስተማር ልተው ስል አካባቢ፣ ሳላስበው ሞክሬው ነበር። «እድራችን ውስጥ ገንዘብ ያዡና ኦዲተሩ አንድ ሰው ይሁን ብንልስ?» አልኳቸው። ክፍሉ በሙሉ «አይሆንም!» አለ። ለምን? «ይበላዋላ!» ከኋላ የተቀመጠች ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሁለት ሰው ሆነው ወንድማማቾች ከሆኑም አይሆንም» አለች። ሌላው ደግሞ «ባይዛመዱም አብረው የሚጠጡ ከሆኑ አይሆንም» አለ። ከዚያ ክርክር ተጀመረ። «ታዲያ በእኛ ሰፈር ሁሉም ሰው ይዛመዳል፣ ምን ይደረግ?» አለ አንዱ። «ሒሳቡ በየወሩ ለጠቅላላ ጉባኤ ይነበብ» አለች ያችው ልጅ። ደወል ተደወለ፤ ማንም አልተነሣም። እነዚያ ልጆች በ40 ደቂቃ ውስጥ ሞንቴስኪዩ ያለውን ደርሰውበታል። እኔ ግን በማግሥቱ ወደ መጽሐፉ ተመልሼ ሦስቱን ሳጥን ሠራሁ። ፈተናው የሚጠይቀው ያንን ነበርና።

አንድ የቃል ነገር ደግሞ ላንሣ። ሦስተኛውን «ሕግ ተርጓሚ» እንለዋለን። ሞንቴስኪዩ የሚለው ግን የመዳኘት ሥልጣን ነው። ይህ ሥልጣን በሰዎች ዘንድ እጅግ አስፈሪ ነው ይላል። ትርጉም አያስፈራም። መጽሐፍ የሚተረጉም ሰው ማንንም አያስርም። ዳኝነት ግን የሰው ዕድሜ ይወስናል፣ ልጆችን ከአባታቸው ይለያል። እኛ ዳኝነት የሚል ከባድ ቃል እያለን ለምን ቀላሉን እንደመረጥን አላውቅም። በዚህ አገር ተጣልተው የነበሩ ሁለት ሰዎች አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ይቆም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አቆራኝተው፣ መንገድ ላይ ያገኙትን ሽማግሌ ዳኛ አድርገው ይቆሙ ነበር። ጉዳዩ የማይመለከተው ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል የሚለው ነገር ለእኛ ባዕድ አይደለም። እባካችሁ መጽሐፉ ውስጥ ይግባ።

ሞንቴስኪዩ ዳኝነት ከሌሎቹ ሁለት ካልተለየ ነፃነት የለም ይላል። ከሕግ አውጪው ጋር ቢገናኝ ዳኛው ሕጉን እንደፈለገ ይሠራዋል፤ ከአስፈጻሚው ጋር ቢገናኝ ዳኛው የጨቋኝ ጉልበት ያገኛል። ይህን ስናስተምር ከራሳችን ታሪክ የሚበልጥ ምሳሌ የለም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ስልሳ የሚሆኑ ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ፣ ጄኔራሎች፣ መኳንንት። ያ ኮሚቴ አዋጅ ያወጣ ነበር፤ አገሩን ያስተዳድር ነበር፤ ያን ማታ ደግሞ ዳኛ ሆነ። ምስክር አልተሰማ፣ ተከሳሽ አልተናገረ። ልጆቻችን ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ይማሩታል፤ ሞንቴስኪዩን ደግሞ ሥነ ዜጋ ክፍል ውስጥ ይማሩታል። ሁለቱ መጻሕፍት አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው አያውቁም።

ከዚያም በፊት የነበረውን እንዲሁ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሲሰጥ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። የመጀመሪያውን የሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ የሁለተኛውንም የመረጡት መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ ናቸው። ሚኒስትሮችንም ዳኞችንም የሚሾሙት እሳቸው ነበሩ። ከፍርድ ቤቶቹ በላይ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የሚያስችሉበት ዙፋን ችሎት ነበር። ሳጥኖቹ ተሠሩ፤ ቁልፉ ግን አንድ ኪስ ውስጥ ቀረ። ይህን ስል የዘመኑን ሰዎች ለመውቀስ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በዚያን ጊዜ ትልቅ እርምጃ ነበር። ተማሪው ግን «ቬኒስን አስታወሰኝ» ማለት መቻል አለበት።

ስለ እኛ ስናነሣ፣ ሞንቴስኪዩም ስለ እኛ ጽፏል። ብዙ መምህር ይህን የሚያውቅ አይመስለኝም። በሃያ አራተኛው ክፍል፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ውስጥ ነው። ግዛቷ ሰፊ ቢሆንም፣ አየሯም ባይመች፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የጭቆና አገዛዝ እንዳይሰፍን ያደረገው የክርስትና ሃይማኖት ነው ይላል። አልጋ ወራሹ የራሱ ግዛት አለው፣ ለሌሎች የፍቅርና የታዛዥነት ምሳሌ ይሆናል ይላል። ከጎናችን፣ በዛሬው ሱዳን፣ ያለው የስናር ንጉሥ ግን ልጆቹን ያሳስራል፣ ሲሞትም ይታረዳሉ ብሎ ያነጻጽራል።

ሲያዩት ምስጋና ይመስላል። ግን ተሳስቷል። እሱ ይህን በሚጽፍበት በጎንደር ዘመን ልዑላኑ ወህኒ በሚባል አምባ ላይ ተጠብቀው ይቀመጡ ነበር። ከዚያም በፊት ግሸን አምባ ላይ ነበር። ንጉሥ ሲሞት አንዱ ከአምባው ይወርዳል፤ ሌሎቹ እዚያው ያረጃሉ። ዛሬ እስር ቤትን «ወህኒ ቤት» የምንለው ከዚያው አምባ ስም መጥቶ ነው ይባላል። ቦርዶ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ነፃ ናቸው ያላቸው ልጆች፣ በቋንቋችን ውስጥ የእስር ስም ሆነው ቀርተዋል።

ይህ ስሕተት ለእኔ ከመጽሐፉ ጥሩ ትምህርቶች አንዱ ነው። ምግባር እንኳ ወሰን ይፈልጋል ያለው ሰው፣ ስለ እኛ ሲጽፍ ወሰኑን ረስቶ ሃይማኖቱ ይበቃል አለ። ማን ማንን ያቆማል ብሎ አልጠየቀም። እስልምናንም ሚዛናዊ ባልሆነ ዓይን ነው ያየው፤ ክፍል ውስጥ የሙስሊምም የክርስቲያንም ልጆች ተቀምጠው ስናነብ ይህን ደብቀን ማለፍ የለብንም። የአየር ንብረት ነገሩም እንዲሁ ነው። የሞቃት አገር ሰዎች እንደ ሽማግሌ ፈሪዎች ናቸው ብሏል። ማስረጃ ብሎ ያቀረበው የበግ ምላስ አቀዝቅዞ በአጉሊ መነጽር ያየውን ነው። ጠዋት ደጋ ላይ ጋቢ ደርቦ፣ ከሰዓት ቆላ የሚወርድ ሰው በሚኖርበት አገር ይህ ንግግር ለአንድ ቀን አይቆምም። ልጆቹ ይህን ራሳቸው እንዲያፈርሱት ተዉአቸው። ፈላስፋን ማክበር ማለት የተናገረውን ሁሉ መቀበል እንዳልሆነ የሚማሩት እንዲህ ሲያደርጉ ነው።

መጽሐፋችን ላይ ያለችን ሌላ ስሕተት ቶሎ ልንገራችሁ። «ሦስቱ አካላት አንዱ በሌላው ሥራ ጣልቃ አይገባም» ይላል። ሞንቴስኪዩ እንዲህ አላለም። ሥልጣን ሥልጣንን እንዲያቆም ከተፈለገ መነካካት አለባቸው። በእሱ ሥዕል ንጉሡ የምክር ቤቱን ሕግ ማገድ ይችላል፤ ምክር ቤቱም ሕጉ እንዴት እንደተፈጸመ ይመረምራል። «የመወሰን ሥልጣን» እና «የማገድ ሥልጣን» ብሎ ለይቷቸዋል። ጄምስ ማዲሰንም በ1788 ስለ አሜሪካ ሕገ መንግሥት ሲከራከር ሞንቴስኪዩን ጠቅሶ ያብራራው ይህንኑ ነው። እንግሊዝም ብትሆን ሙሉ በሙሉ ለይታ አታውቅም። የፍትሑ የበላይ የሆነው ሎርድ ቻንስለር በካቢኔም በላይኛው ምክር ቤትም ይቀመጥ ነበር። ይህን የቀየረው ሕግ በ2005 ወጣ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸውም ሥራ የጀመረው በ2009 ነው። ለአንድ ሐሳብ ከ250 ዓመት በላይ ጠብቀዋል።

ዛሬ ያለውን ሕገ መንግሥታችንንም በዚሁ ዓይን ልጆቹ ያንብቡት። የ1987 ዓ.ም.ን። አንቀጽ 73 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል፤ የመንግሥት ሥልጣኑን የሚይዘው አብላጫ መቀመጫ ያለው ፓርቲ ወይም የፓርቲዎች ጥምረት ነው። የፓርላማ ሥርዓት ያላቸው ብዙ አገሮች እንዲህ ናቸው። ታዲያ ምክር ቤቱ ከራሱ የወጣውን መንግሥት ሲቆጣጠር ምን ይረዳዋል፣ ምን ይከብደዋል? አንቀጽ 83 ላይ ሕገ መንግሥታዊ ክርክር ሲነሣ የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ የብሔር ብሔረሰቦች ቃል ኪዳን ስለሆነ ተርጓሚውም እነሱው ይሁኑ ከሚል ሐሳብ የመጣ ነው። ይህ ጥሩ ነው ወይስ አይደለም? እኔ የራሴ አስተያየት አለኝ፤ ለልጆቹ ግን አልነግራቸውም። ሁለቱንም ወገን ይዘው ይከራከሩ። ሳጥኑን ብቻ ሥለው ከሄዱ ግን ጥያቄ መኖሩን እንኳ አያውቁም።

ከሁሉም በላይ አንቀጽ 19ን አስነብቧቸው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። ሦስቱም ሳጥኖች በዚያች አንዲት መስመር ውስጥ አሉ። ሕጉን የጻፈ አለ፣ ሰውየውን የያዘ ፖሊስ አለ፣ የያዘው ሰው ፊት ቆሞ «ለምን ያዝከው?» የሚል ዳኛ አለ። ሰዓቱ የሚቆጠረው በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ ነው። ደጅ ላይ ምግብ ይዛ የቆመችው እናቱም ትቆጥረዋለች። ሞንቴስኪዩ የአእምሮ ሰላም ያለው ይህችን ሴት ይመለከታል። ዳኛው ፖሊሱን የሚፈራ ከሆነ 48ቱ ሰዓት ቁጥር ብቻ ነው። ልጆች ይህን በጥቂት ደቂቃ ይረዳሉ። የምርጫ ጥያቄ አያስፈልገውም።

የፈተና ጥያቄ ለምታወጡ፣ እናንተን በተለይ እለምናለሁ። መምህሩ የሚያስተምረው እናንተ የምትጠይቁትን ነው። እኔም ያደረግኩት ያንን ነው። «ማን ነው ያለው?» የሚለውን ትታችሁ አንድ ጊዜ ቬኒስን ስጧቸው። ስሙን ሳትጠሩ፣ አንድ አገር ሦስት አካላት አሉት፣ ሁሉም ከአንድ ቤተሰብ ናቸው በሉ። «ይህ አገር ነፃ ነው ወይ? ለምን?» ብላችሁ ባዶ መስመር ተዉላቸው። እርማቱ እንደሚከብድ አውቃለሁ። 60 ልጅ ያለበትን ክፍል ወረቀት ይዤ ሌሊት ተቀምጬ አውቃለሁ። ቢሆንም በዓመት አንድ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይኑር።

ለመጽሐፍ አዘጋጆቹ ደግሞ፣ ቦታ ከጠበባችሁ ከፈላስፋዎቹ ስም ዝርዝር ላይ ቀንሱና አንድ ታሪክ ጨምሩ። ማርስያስ የሚባለውን ሰው ሞንቴስኪዩ ከጥንት ጽሑፍ ያነሣዋል። የሰራኩስን ገዢ ዲዮኒስዮስን አንገቱን ሲቆርጠው በሕልሙ አየ። ዲዮኒስዮስ ገደለው። ቀን ባያስበው ኖሮ ሌሊት አያልመውም ነበር ብሎ። ግማሽ ገጽ አይሞላም። አንድ ሰው ከሳሽም ዳኛም አስፈጻሚም ሲሆን ሕልም እንኳ ወንጀል እንደሚሆን ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ይይዘዋል።

ያን ማታ ለልጄ ቬኒስን ነገርኳት። ስለ ድንጋዩ አፍም ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ ማስመሪያዋን አነሣችና በሦስቱ ሳጥኖች ውስጥ፣ ከ«ሕግ አውጪ»ው ሥር፣ ከ«ሕግ አስፈጻሚ»ው ሥር፣ ከ«ሕግ ተርጓሚ»ው ሥር ባዶ መስመር አሰመረች። «ይሄ የስም ነው» አለችኝ። ሰኞ ለመምህሯ ልታሳይ ነው። መምህሯ ከእናንተ አንዱ ነው። መስመሩ መጽሐፉ ላይ የለም ብሎ እንዳያሰርዛት አደራ።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ የሥነ ዜጋ መምህር